የወታደር መዝገብና የአየርላንዳውያን የትውልድ ሐረግ

የአያት ቅድመ አያቱን ዘር ለሚፈልግ አየርላንዳዊ መንገዱ ቀላል አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1922 ዓ.ም. የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በደብሊን ከተማ የነበረው የመንግሥት መዝገብ ቤት ተቃጥሎ፣ ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቈጠራ መዝገቦች ከጥቂቶቹ በቀር ጠፍተዋል።

ነገር ግን ቅድመ አያቱ በእንግሊዝ ጦር አገልግሎ ጡረታ የወጣ እንደ ሆነ ተስፋ አለው። የጦሩ ጸሓፊ የወታደሩን የትውልድ አጥቢያ፣ ዕድሜና የቀድሞ ሥራ መዝግቦ ነበርና፤ መዝገቡም በለንደን ስለ ተቀመጠ ከእሳቱ ድኗል። ፈላጊው በዚህ ተመርቶ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ከተረፈለት የወላጆቹን ስም ሊያገኝ ይችላል።

ጸሓፊው ለጡረታ ሒሳብ ብሎ የጻፈው አንድ መሥመር ለቤተሰብ የትውልድ ሐረግ ሆነ። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን የምንመዘግበውን ስም አጣርተን እንጻፍ፤ ነገ ማን እንደሚፈልገው አናውቅምና።