ለኤክስሬይ ራስ ዳሸንም ቆላ ነው

ከዳባት ወደ ደባርቅ የወጣ ሰው አየሩ እየሳሳ፣ ብርዱ እየጠና መሄዱን ያውቃል። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያ ወዲያ የሰሜን ተራሮች እስከ ራስ ዳሸን ጫፍ ከ4,500 ሜትር በላይ ይዘልቃሉ። ኮከብ ለሚያይ ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? ከሰማይ ለሚመጣ ኤክስሬይ ግን ራስ ዳሸንም ቆላ ነው።

ሐኪም ቤት ሥጋን አልፎ አጥንት የሚያሳይ ጨረር አየር እንዴት ያግደዋል? ነገሩ የብዛት ነው። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ከበላዩ ያለው አየር ክብደቱ 6 ሜትር ገደማ ጥልቀት ካለው ውኃ ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች መሣሪያቸውን በሮኬት መላክ ነበረባቸው። በ1956 ዓ.ም. ሲግነስ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ኃይለኛ የኤክስሬይ ምንጭ ተገኘ፤ ሲግነስ ኤክስ ዋን ተባለ። ሮኬት ግን ከአየር በላይ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነውና ምንነቱ አልታወቀም።

መልሱ የመጣው ከጎረቤታችን ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ማሊንዲ አጠገብ፣ የኬንያ ባሕር ላይ ከቆመው የጣልያኖች የሳን ማርኮ መድረክ አንዲት የአሜሪካ ሳተላይት ተተኮሰች። ዕለቱ የኬንያ ነፃነት 7ኛ ዓመት ነበርና የፕሮጀክቱ ኃላፊ ማርጆሪ ታውንሴንድ «ኡሁሩ» የሚል ስም አወጡላት፤ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። የሊማሊሞን መንገድ ለሚያውቅ የደባርቅ ሰው የጣልያን መሐንዲስ ሥራ ከወረራው ዘመን ጋር ይያያዛል። ይህኛው ሥራቸው ግን ለሰው ልጅ ሁሉ የተረፈ ነው። ቦታውም በምክንያት የተመረጠ ነበር፤ የምድርን ወገብ ተከትላ የምትዞር ሳተላይት በደቡብ አትላንቲክ ላይ ዝቅ ብሎ ከሚገኘው የጨረር ቀበቶ ትርቃለች፣ መሣሪያዋም አይታወክም።

ኡሁሩ ሲግነስ ኤክስ ዋን ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሲደምቅና ሲደበዝዝ አየች። እንዲህ ቶሎ የሚለዋወጥ ነገር ግዙፍ ሊሆን አይችልም፤ በዚያች ቅጽበት ብርሃን ከዳር እስከ ዳር ሊያቋርጠው ይገባል። ከዚያ የራዲዮ ቴሌስኮፖች ሥፍራውን ለዩ። በ1964 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሉዊዝ ዌብስተርና ፖል መርዲን፣ በካናዳ ቶም ቦልተን፣ እዚያው ያለ ሰማያዊ ግዙፍ ኮከብ በየ5.6 ቀኑ ከአንድ የማይታይ ጓደኛ ጋር እንደሚዞር አሳወቁ። የማይታየው ለኒውትሮን ኮከብ እጅግ ከብዶ ተገኘ፤ በ2013 ዓ.ም. በወጣው ልኬት የ21 ፀሐይ ያህል ይመዝናል። ብላክ ሆል፣ ጥቁር ጉድጓድ፣ ነው። የኮከቡን ጋዝ ይስባል፤ ጋዙም ዙሪያውን እየተሽከረከረ ሲፋተግ በሚሊዮን የሚቆጠር ዲግሪ ይግላል፣ ኤክስሬይም ይረጫል።

የኡሁሩን ሥራ የመሩት ሪካርዶ ጃኮኒ በ1995 ዓ.ም. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል።

ሳን ማርኮ በዚህ አላበቃም። ጥቅምት 5 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ ወር በኋላ፣ የእንግሊዟ ኤሪያል 5 ከዚያው መድረክ ተነሣች። ሐምሌ 27 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ሰሜን በክረምት ጭጋግ ተሸፍኖ ሳለ፣ ይህች ሳተላይት ድንገት የነደደ አዲስ የኤክስሬይ ምንጭ አገኘች። በቀናት ውስጥ ከፀሐይ በስተቀር ከሰማይ ምንጮች ሁሉ በለጠ፤ ከወራት በኋላ ደበዘዘ። እሱም ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ፤ ከትንሽ ኮከብ ጋር በ7.75 ሰዓት አንድ ዙር ይፈጽማሉ።

ደጋግሜ የማስበው ግን ሌላ ነገር ነው። ሳተላይቷ ብቻዋን ጥቁሩን ጉድጓድ አልመዘነችም፤ ጓደኛ ኮከቡን የተከታተለው ምድር ላይ የቆመ ተራ ቴሌስኮፕ ነው። ለዚያ ሥራ ደግሞ የተራራ ከፍታ ያግዛል። እንጦጦ ላይ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ የሰሜንም ሰማይ ክፍት ነው።

በመስከረም፣ ደመናው ሲገለጥ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደባርቅ ደጅ ወጥቶ ሽቅብ የተመለከተ ሰው ሲግነስን ከአናቱ ጥቂት ወደ ሰሜን ዘንበል ብሎ ያገኘዋል። ሰማያዊው ኮከብ በባዶ ዓይን አይታይም፤ ጥሩ የርቀት መነጽር ግን ያሳየዋል። ብርሃኑ ተነሥቶ ደባርቅ እስኪደርስ 7,200 ዓመት ገደማ ተጉዟል።