ከአዋሽ እስከ ሰመራ፣ በጫማ

በአፋር ምድር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ውሃ የት አለ፣ ግጦሹ የት ለመለመ፣ ማን ታመመ። ዳጉ ይሉታል። ዳጉ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በእግር የሚሄድ ወሬ ነውና እስቲ ስለ እግሩ ጫማ ላውጋችሁ።

ድሮ አርብቶ አደሩ የሚጫማው ከቆዳ የተበጀ ነጠላ ጫማ ነበር። ኋላ የጂቡቲ አስፋልት መጣ። ከባድ መኪናው ከወደብ ጭኖ በሰመራ፣ በሚሌ፣ በገዋኔ አድርጎ ወደ አዋሽ ይወጣል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ መንገዱ ጎማ ይበላል። ሹፌር የጣለውን ጎማ ጫማ ሠሪ ያነሣዋል፤ በስለት ይቆርጠዋል፣ በእግር ልክ ይቀርጸዋል፣ ማሰሪያውን በጎን ሰክቶ በሚስማር ይመታዋል። ይኸው በረባሶ! ያን ሁሉ ጭነት የቻለ ጎማ አንድ ሰው ያቅተዋል?

እሾሁንስ ታውቁት የለ? በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ በኩል፣ በ1970ዎቹ የተተከለው ፕሮሶፒስ የሚባል እሾሃማ ዛፍ ዛሬ ግጦሹን ወሮታል። እሾሁ ስስ ሶል በስቶ ተረከዝ ያገኛል። ከግመል ኋላ የሚውል ሰው ወፍራም ሶል ቢወድ እውነቱን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ልውሰዳችሁ። በ1943 ዓ.ም. በሚያዝያ ለኮሪያ ጦርነት የዘመተው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥቶ በዚሁ በኩል ጂቡቲ ወረደ፤ ከዚያም በመርከብ ኮሪያ፣ ቡሳን ገባ። የዚያ አገር ገበሬ ከሩዝ ገለባ ጂፕሺን የሚባል ጫማ ይጎነጉን ነበር፤ ለጭቃው ከእንጨት የተጠረበ ናማክሺን ነበረው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጎማ ሲደርስ ግን ኮሪያውያን የፈረንጅ ጫማ ቅርጽ ብቻ አልሠሩበትም። የቀድሞውን የሐርና የቆዳ ጫማቸውን ቅርጽ፣ ያን እንደ ጀልባ ቀና ያለ አፍንጫ፣ በጎማ አወጡትና ጎሙሺን አሉት። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው! በረባሶም እኮ ያው ነው፤ ቁሱ ከሩቅ ፋብሪካ፣ መልኩ ከአያት።

ኮሪያዊው ዛሬም ቤት ሲገባ ጫማውን ደጃፍ ላይ ያወልቃል፤ አፋሩም በመስጊድ ደጃፍ።

ጂፕሺን ሙዚየም ገብቶ ልጆች ይጎበኙታል። የአፋሩን የቆዳ ጫማም ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ሽማግሌዎቹን ጠይቆ ቢመዘግበው ምንኛ በወደድሁ፦ ቆዳው የየትኛው ከብት እንደሚሻል፣ እንዴት እንደሚለሰልስ፣ ማሰሪያው በየትኞቹ ጣቶች መካከል እንደሚያልፍ።