ነጩ ተራራና ካሜራው፦ በአልፕስ የበረዶ ወራት ፎቶግራፍ የማንሳት ታሪክ

በአልፕስ ተራሮች ከፍታ ላይ በበረዶ ወራት ፎቶግራፍ የማንሳት ሥራ ሥር የሰደደው በ1880ዎቹ፣ ካሜራ ለዓለም ከተዋወቀ ከአርባ ዓመታት በኋላ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከፈረንሳይ ተነሥቶ በስዊዘርላንድና በጣሊያን በኩል እስከ ኦስትሪያ የሚዘልቀው ይህ የተራራ ሰንሰለት ከዲሴምበር እስከ ማርች ነጭ ለብሶ ይከርማል። ዛሬ በየፖስታ ካርዱና በየቀን መቁጠሪያው የሚታየው ይህ ገጽታ ለመጀመሪያዎቹ ፎቶግራፍ አንሺዎች የማይደረስበት ነበር። ሦስት ነገሮች ከልክለዋቸዋል፦ የዕቃው ክብደት፣ የብርዱ ጽናትና የበረዶው ንጣት። የሙያው ታሪክም እነዚህን ሦስቱን በየተራ ለመርታት የተደረገ ትግል ታሪክ ነው።

በ1839 በፓሪስ ይፋ የሆነው የሉዊ ዳጌር ዘዴ ምስሉን በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ያሳርፍ ነበር። እንግሊዛዊው ጸሐፊና የሥነ ጥበብ ሐያሲ ጆን ረስኪን በ1849 በዚህ ዘዴ የማተርሆርንን ተራራ ማንሳቱንና የተራራውም የመጀመሪያ ፎቶግራፍ ይኸው መሆኑን ጽፏል። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር ያስተዋወቀው የእርጥብ ኮሎዲየን ዘዴ የዳጌርን ተካ። በአዲሱ ዘዴ ጥራት ያለው የመስታወት ኔጌቲቭ ይገኛል፤ ከአንድ ኔጌቲቭም የተፈለገውን ያህል ቅጂ ማተም ይቻላል። ችግሩ የቀለሙ እርጥበት ነበር። መስታወቱ ሳይደርቅ በደቂቃዎች ውስጥ መቀባት፣ ምስሉን መቀበልና መታጠብ አለበት። በመሆኑም ፎቶግራፍ አንሺው በሄደበት ሁሉ የጨለማ ድንኳኑን፣ የኬሚካል ጠርሙሶቹንና የውኃ ዕቃዎቹን ማስከተል ግድ ሆነበት።

ይህን ሸክም ይዞ ከፍ ያለ ቦታ በመድረስ ስሙ የሚነሣው ፈረንሳዊው ኦጉስት-ሮዛሊ ቢሶን ነው። በጁላይ 1861 ኦጉስት ባልማ በተባለ መንገድ መሪ እየተመራ፣ ዕቃውን ለ25 ተሸካሚዎች አሸክሞ፣ ከ4,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የሞን ብላን ጫፍ ላይ ካሜራውን ተከለ። በዚያ ፈሳሽ ውኃ ስለማይገኝ መስታወቱ የታጠበው በመብራት ነበልባል በቀለጠ በረዶ ነበር። ከዚያ ሁሉ ድካም የተገኘው ጥቂት ኔጌቲቭ ብቻ ነው። ወቅቱ ደግሞ የዓመቱ ሞቃት ጊዜ ነበር። ከ1859 እስከ 1868 የአልፕስን አለቶች ለሥነ ምድር ጥናት ሲያነሣ የኖረው ኤሜ ሲቪያል በሰም የተነከረ ደረቅ ወረቀት በመጠቀም ሸክሙን ቢያቃልልም፣ ሥራው የሚከናወነው መተላለፊያዎቹ ከበረዶ ነጻ በሚሆኑባቸው ወራት ነበር። በጥር ብርድ የኮሎዲየን መታጠቢያን ተራራ ላይ ይዞ መውጣት የማይታሰብ ነገር ነው።

መንገዱን የከፈተው ደረቁ የጄላቲን መስታወት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ሊች ማዶክስ በ1871 ሐሳቡን አሳተመ፤ በአሥር ዓመት ውስጥም ፋብሪካዎች አዘጋጅተው መሸጥ ጀመሩ። ደረቅ መስታወት አስቀድሞ ተቀብቶ በሣጥን ይያዛል፤ ምስሉን ከተቀበለ በኋላም ቤት እስኪደረስ ድረስ ሳይታጠብ ይቆያል። ድንኳኑ፣ ጠርሙሱና የቀለጠው በረዶ ሁሉ ቀሩ። በዚያው ዘመን ተራራ ወጪዎች በበረዶ ወራት መውጣትን እየለመዱ ነበር፤ እንግሊዛዊቷ ኢዛቤላ ስትራተን በጃንዋሪ 1876 ሞን ብላን ጫፍ ደርሳለች። ሁለቱ ለውጦች በመገናኘታቸው የበረዶ ወራት ፎቶግራፍ ተወለደ።

ይህን ዕድል ከማንም በላይ የተጠቀመበት ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ሴላ ነው። በ1859 ቢዬላ በምትባል ከተማ ከሱፍ አምራች ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ጁዜፔ ቬናንዚዮ በ1856 የፎቶግራፍ መማሪያ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነበር፤ አጎቱ ኩዊንቲኖ ሴላ ደግሞ በ1863 የጣሊያንን የአልፕስ ክበብ መሥርቷል። ኬሚስትሪውንና ተራራውን ከቤቱ አግኝቶ ያደገው ቪቶሪዮ በማርች 1882 ማተርሆርንን በበረዶ ወራት ከጣሊያን ወደ ስዊዘርላንድ በማቋረጥ የመጀመሪያው ሆነ። ከመሪዎቹ አንዱ፣ በ1865 የተራራውን የጣሊያን ወገን የከፈተው ዣን-አንትዋን ካሬል ነበር። በ1884 ሞንቴ ሮዛን በጃንዋሪ ወጣ፤ በጃንዋሪ 1888 ደግሞ ሞን ብላንን ከጣሊያን ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ።

የሴላ ታላቅነት ያለው ቀላሉን መንገድ ባለመምረጡ ነው። አነስተኛ ካሜራ በገበያ እያለ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስታወት የሚቀበለውን ትልቁን መረጠ። አንዱ መስታወት ብቻ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። በዚያን ጊዜ ኔጌቲቭን አጉልቶ ማተም ጥራቱን ስለሚያጎድል፣ ትልቅና ጥርት ያለ ፎቶግራፍ የሚፈልግ ሰው ትልቅ ኔጌቲቭ መያዝ ነበረበት። የበረዶ ስንጥቅ፣ የአለት ስፌትና የሩቅ ሸንተረር በአንድ ምስል ላይ አብረው ጎልተው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ሴላ ይህን ልምዱን ይዞ ወደ ካውካሰስ ዘመተ፤ ከአብሩዚው መስፍን ከሉዊጂ አሜዴዎ ጋርም በ1897 ወደ አላስካ፣ በ1906 በምድር ወገብ አጠገብ ወዳሉት የርዌንዞሪ ተራሮች፣ በ1909 ወደ ኬቱ ተራራ ተጓዘ። የሴላ ኔጌቲቮች ዛሬም በቢዬላ በሴላ ቤተሰብ ስም በሚጠራው ድርጅት ተጠብቀው ይገኛሉ።

በዚሁ ዘመን ለጤናዋ ወደ ስዊዘርላንድ መጥታ በተራራ ፍቅር የተያዘችው ኤሊዛቤት ሜይን፣ በኋላ ለ ብሎንድ የተባለችው፣ ኑሮዋን በሴንት ሞሪትስ አድርጋ በረዶን አነሣች። በ1883 ስለ ከፍተኛው አልፕስ የበረዶ ወራት መጽሐፍ አወጣች፤ በ1890ዎቹም በረዶን እንዴት ማንሳት እንደሚገባ የሚያስተምር የምክር ጽሑፍ አሳተመች። በ1907 የሴቶች የአልፕስ ክበብ ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር እርሷ ነበረች። ሙያው ከግል ችሎታነት ወደሚተላለፍ ዕውቀት የተሸጋገረው እንዲህ ባሉ ጽሑፎች አማካይነት ነው።

ክብደቱ ከተቃለለ በኋላ የቀረው ትልቅ ፈተና ንጣቱ ነበር። የጥንቱ መስታወት ለሰማያዊ ብርሃን እጅግ ንቁ፣ ለቀይ ግን ዕውር በመሆኑ ሰማያዊው ሰማይ በኅትመቱ ላይ ነጭ ሆኖ ከበረዶው ጋር ይቀላቀላል። ኬሚስቱ ሄርማን ፎገል በ1873 መስታወቱን በማቅለሚያ በመንከር ለሌሎች ቀለሞችም ንቁ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ፤ በ1906 ደግሞ ሁሉንም ቀለም የሚቀበሉ መስታወቶች ለገበያ ቀረቡ። ከዚያ በኋላ በሌንሱ ላይ ቢጫ ወይም ቀይ ማጣሪያ በማድረግ ሰማዩን ማጥቆርና በረዶውን ማጉላት ተቻለ። የማጣሪያው ኃይል ከአልፕስ ውጭ በጉልህ የታየው በአሜሪካ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው አንሴል አዳምስ በኤፕሪል 1927 በረዶ ባልለቀቀው የዮሴሚቲ ሸለቆ ሐፍ ዶም የተባለውን ገደል ሲያነሣ ሁለት መስታወት ብቻ ቀርቶት ነበር። በአንደኛው ቢጫ ማጣሪያ ተጠቀመ፤ ሰማዩ እንዳሰበው እንደማይጨልም ተረድቶ ሁለተኛውን በደማቅ ቀይ ማጣሪያ አነሣ። የታወቀው ሥራው ይህ ሁለተኛው ነው።

የብርሃን መጠንም የራሱ ችግር አለው። አዲስ በረዶ ካረፈበት ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ያንጸባርቃል። የብርሃን መለኪያ ደግሞ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ መለኪያውን ያለ ማስተካከያ ያመነ ሰው በረዶው አመድ መስሎ ይወጣበታል። መፍትሔው ከመለኪያው ንባብ አንድ ወይም ሁለት እርከን ብርሃን መጨመር ነው። አዳምስና ባልደረባው ፍሬድ አርቸር በ1940 ገደማ ያደራጁት የእርከን ሥርዓት ከድፍን ጥቁር እስከ ንጹሕ ነጭ ያለውን በደረጃ ከፍሎ፣ በረዶው በየትኛው ደረጃ እንዲያርፍ አስቀድሞ መወሰንን አስተማረ። ሰዓትን መምረጥም ከዚህ አይተናነስም፤ ጠዋትና ማታ ዝቅ ብሎ የሚመጣው የበረዶ ወራት ፀሐይ በነፋስ የተሸነሸነውን የበረዶ ገጽ በጥላ ያወጣዋል።

ብርዱ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተረታም። በፊልም ዘመን የካሜራው ቅባት ይረጋል፣ ፊልሙ እየደረቀ ይሰበራል፤ በሚጠመጠምበት ጊዜም ከፍትጊያው የሚነሣው ብልጭታ በምስሉ ላይ ምልክት ይጥላል። በዲጂታል ካሜራ ደግሞ ባትሪው ቶሎ ስለሚደክም መለዋወጫውን በደረት ኪስ አሙቆ መያዝ ያስፈልጋል። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ካሜራ ጤዛ እንዳይዘው በቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ቀስ ብሎ እንዲሞቅ ይደረጋል።

ከዚህ ሁሉ ጥረት የተገኘው ሀብት ከውበት ያለፈ ጥቅም ሰጥቷል። በ2022 የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት ከ1916 እስከ 1947 የተነሡ ከ21,000 በላይ የተራራ ፎቶግራፎችን በመመርመር፣ የአገሪቱ የበረዶ ግግሮች ከ1931 እስከ 2016 ድረስ የመጠናቸውን ግማሽ ያህል ማጣታቸውን አረጋግጧል። ለእንዲህ ያለው ልኬት የሚመቹት በሞቃቱ ወቅት መጨረሻ የተነሡት ናቸው፤ አዲስ በረዶ የግግሩን ጠርዝ ይሸፍነዋልና። በበረዶ ወራት የተነሡት ደግሞ በረዶው እስከየት ወርዶ እንደነበር፣ ነፋስ የት እንደ ከመረውና ናዳው በየትኛው አፋፍ እንደ ወረደ ይመሰክራሉ። የአልፕስ በረዶ እየሳሳ በሄደ መጠን የሴላና የዘመነኞቹ መስታወቶች ለሥነ ጥበብም ለሳይንስም የማይተኩ ማስረጃዎች ሆነዋል።