ዓሣን መብላት በብልኃት

ጾም ሲገባ ሾላ ገበያ አካባቢ ያሉ ምግብ ቤቶች የምግብ ዝርዝራቸው ይለወጣል። ክትፎው ይወርድና ዓሣ ጉላሽ፣ ዓሣ ዱለት፣ ዓሣ ለብለብ ይሰቀላል። ትልልቆቹ «ዓሣ ደግሞ ከመቼ ወዲህ የጾም ሆነ?» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ እኛ የየካ ልጆች እጃችንን ታጥበን እንጠብቃለን። ክርክሩን ለሊቃውንቱ እንተወው። ባለፈው አስተናጋጁን የጠየቅነው ሌላ ነገር ነበር፤ «ዓሣው ከየት ነው የመጣው?» «ከፍሪጅ» አለን፤ ሳቅንበት። በኋላ ግን ነገሩ ከነከነን።

ጥያቄው ባሕር ለሌለው አገር ቅንጦት ይመስላል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ስትሆን ቀይ ባሕርም አብሯት ሄደ። ዛሬ የባሕር ዓሣ በላን ካልን ከሱቅ የገዛነው የቱና ወይም የሰርዲን ቆርቆሮ ነው። ሌላው ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ፣ ከጫሞ፣ ከቆቃ፣ ከጣና የሚመጣ ነው። ታሪኩ ያለውም እዚያ ነው።

እስቲ መጀመሪያ እንጦጦ ማርያም ድረስ እንውጣ። ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ ከመውረዳቸው በፊት የከተሙበት ይህ ተራራ ውኃ ይከፍላል። በሰሜኑ ተዳፋት የወረደ ዝናብ ጉዞው ወደ ዓባይ ነው። በደቡቡ የወረደው በቀበና አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. ተገድቦ የቆቃን ሐይቅ ፈጥሯል። የቆቃ ዓሣ ተመልሶ አዲስ አበባ ገበያ ይመጣል። እንግዲህ ቀበና ወንዝ ውስጥ የወረወርነው ሁሉ የሚወርደው ወደ ራሳችን ሳህን ነው ማለት ነው። እምቦጭም በአገራችን መጀመሪያ የታየው እዚያው ቆቃና አዋሽ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ጣና ላይ መኖሩ የተረጋገጠው ከ46 ዓመት በኋላ፣ በ2011 ነው።

የጣናው ታሪክ ግን ከእምቦጭ ይቀድማል። ለብዙ ዘመን ከሐይቁ ዓሣ የሚያወጡት ነገደ ወይጦ ነበሩ። በደንገል ታንኳ፣ በቀላል መሣሪያ፣ ከዳር ብዙም ሳይርቁ ያጠምዱ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ሲንቋቸው ኖሩ፤ እነርሱ ግን ሐይቁን አላራቆቱትም።

ጣና ተራ ሐይቅ አይደለም። 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ዓሣ እንዳይወጣ ዘግቶበታል። በዚህ ምክንያት ተነጥለው የቀሩት፣ ሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚላቸው ዓሦች ሌላ ቦታ የሌሉ ዝርያዎች ሆነው ተለያዩ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሆላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጥንተው 15 ያህል ለይተዋል፤ ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። የሚመሳሰለው ስብስብ የነበረው በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ነበር። እርሱ ከልክ በላይ በማጥመድና ከውጭ በገቡ ዓሦች ምክንያት ጠፍቷል። ጣና ብቻውን ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. በ1986 ጣና ላይ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ የናይለን መረብ ገባ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ዓሣ አጥማጁ ገቢ ያግኝ፣ ሕዝቡ ይብላ ነው። ችግሩ ዓሦቹ ቀጠሮ ማክበራቸው ነው። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወደመሳሰሉ ወንዞች ይሄዳሉ፤ ወቅቱ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። ወንዙ አፍ ላይ ሲሰበሰቡ መረቡ ይጠብቃቸዋል። ሳይወልዱ ያልቃሉ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት በወንዝ የሚራቡት ዝርያዎች በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሱ።

እዚህ ላይ እኛ እንገባለን። ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ዓሦቹ ለመራባት ከሚወጡበት ወቅት መሐል። እኛ ሾላ ላይ «አንድ ለብለብ!» ስንል ያ ጥሪ ጉማራ አፍ ድረስ ይሰማል። ገዢ ባይኖር መረቡን ማን ይዘረጋዋል?

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። የካናዳ ኒውፋውንድላንድ ለዘመናት በኮድ ዓሣ የታወቀች ነበረች። ትልልቅ መርከቦች ባሕሩን ጠርገው ከጨረሱ በኋላ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1992 ማጥመድን ከለከለ፤ 30,000 ገደማ ሰው ሥራ አጣ። እገዳው የተነሣው ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ2024 ነው። በሌላ በኩል የካሊፎርኒያው ሞንተሬይ ቤይ የዓሣ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1999 ለተመጋቢው በኪስ የሚያዝ ካርድ ማተም ጀመረ፤ አረንጓዴ «ብላ»፣ ቀይ «ተው» የሚል። ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፦ ባሕሩን የሚጠብቀው መንግሥት ብቻ ሳይሆን ምሳ የሚያዝዘው ሰውም ነው።

በእኛ አገርም ሕግ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ሕጉ ግን ከእኛ ጋር ምሳ አይበላም። ስለዚህ ካርድ ባይታተምልንም ለራሳችን እንጻፍ። አንደኛ፣ ከየት እንደመጣ እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ መዳፍ የማይሞላ ጫጩት ዓሣ ሲቀርብልን እንመልስ፤ ያ ገና አንድ ጊዜ እንኳ ያልወለደ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ በክረምት የጣናን የወንዝ ተራቢዎች ትተን ሐይቁ ውስጥ የሚራባውን ቆሮሶ እንምረጥ፤ ወይም ሽሮ አለ፣ ሽሮን ማን ጠላ? አራተኛ፣ የቱና ቆርቆሮ ስንገዛ እንዴት እንደተጠመደ የሚናገር ምልክት ካለው እናስቀድም። አምስተኛ፣ ቀበናን ቆሻሻ መጣያ አናድርገው።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይሉናል፤ ጠያቂ ሲበዛባቸው። ግድ የለም፣ ይውጣ። አባቶቻችን ዓሣን መብላት በብልኃት ነው ሲሉ ስለ አጥንቱ ነበር። አጥንቱን እኛም ችለንበታል። የቀረን ብልኃት ለልጆቻችንም ዓሣ እንዲተርፍ አድርጎ መብላት ነው። አስተናጋጁንም በሚቀጥለው ረቡዕ ደግመን እንጠይቀዋለን፤ «ከፍሪጅ በፊትስ?»