ደገኛው ክንዱን ለምን ነፈገ?

ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ የተሰበሰበው የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። በየዓመቱ ይህ ቀን ሲደርስ የሚወሳው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጄነርና በላም ፈንጣጣ የከተበው ልጅ ነው። እሱ ተደጋግሞ ስለተነገረ እንለፈው። የበሽታው የመጨረሻ ምሽግ የነበረው የእኛው አካባቢ ነው።

ዘመቻው ኢትዮጵያ ውስጥ የተጀመረው በጥር 1963 ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚ ተመዘገበ። ከታቢዎቹ ወደ ጎጃምና ወደ ሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ሲወጡ ግን ብዙው ገበሬ ክንዱን አልሰጥም አለ። ለምን? እዚህ ላይ ነው ወሬው የሚለያየው።

አንዱ ወገን ነገሩን በጥርጣሬ ይፈታዋል። ጥርጣሬ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ የጎጃም ገበሬ በግብር ምክንያት ካመፀ ገና ሦስት ዓመት አልሞላም፤ ቦርሳ አንግቶ ከከተማ የመጣ ሰው ደግሞ ሁሉም መንግሥት ነው። ከዚያ አልፎ «አለማወቅ ነው» የሚሉም አሉ። ይህኛው አይዋጥልኝም።

ደገኛው የራሱ ክትባት ነበረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ሥራውን በዓይኑ አይቶ ጽፎታል፦ ከበሽተኛው ቁስል መግል ይወሰዳል፣ የጤነኛው ክንድ በምላጭ ይበጣል፣ መግሉ እዚያ ይገባል። የተከተበው ጥቂት ታሞ ይነሣል፤ ሁለተኛ አይያዝም። በዚያ ላይ በ1960ዎቹ አገሩን ያዳረሰው ፈንጣጣ ቀላሉ ዓይነት ነበር። ከባዱ ከመቶ ሠላሳውን ያህል ሲፈጅ፣ ይህኛው የሚገድለው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። እንግዲህ የሚሠራ መድኃኒት በእጁ ያለ፣ በሽታውም ያን ያህል ያላስፈራው ሰው የእንግዳ መርፌ ምን ያደርግለታል?

አሮጌው ዘዴ ጣጣ ነበረበት፤ አይካድም። በምላጩ የሚገባው ራሱ ፈንጣጣ ስለሆነ የተከተበው ልጅ ለጎረቤት ያስተላልፋል፤ አንዳንዴም ይሞታል። የዘመቻው ክትባት የሚሠራው ግን ከሌላ ተሐዋሲ ስለሆነ ፈንጣጣን አያዛምትም።

የቀረውን ባጭሩ፦ ዘመቻው ሁሉን ሰው ከመከተብ ይልቅ በሽተኛውን ፈልጎ በማግኘት በዙሪያው ያሉትን መከተብ ላይ አተኮረ። ሄሊኮፕተር ገባ፤ መሐል ላይ አብዮት ፈነዳ፤ ሥራው አልተቋረጠም። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ታማሚ በነሐሴ 1968 በደቡብ ምሥራቅ ቆላ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘ። በሽታው ወደ ሶማሊያ ተሻግሮ በጥቅምት 1970 እዚያው አከተመ።

ፈንጣጣ መጥፋቱ በታወጀበት በ1972፣ ኢትዮጵያ ኩፍኝን፣ ፖሊዮንና መንጋጋ ቆልፍን ጨምሮ በስድስት በሽታዎች ላይ መደበኛ የሕፃናት ክትባት ጀመረች። ኩፍኝ ዛሬም አለ። ክትባቱ በዘጠኝ ወርና በአሥራ አምስት ወር ይሰጣል። የመጀመሪያውን ያስከተቡ ብዙ እናቶች ለሁለተኛው አይመለሱም፤ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ልጁም ደህና ይመስላል።