«ቶሎ በል!» ሲሉት የሚያዝ ምላስ

አቃቂ በሰቃ ፊደል ስንቆጥር አንድ ጓደኛ ነበረን። መምህራችን ስሙን ሲጠይቁት የመጀመሪያዋ ድምፅ ጉሮሮው ላይ ትቀረቀራለች። እኛ በሳቅ እንፈርሳለን፤ እሳቸው «ቶሎ በል!» ይላሉ፤ እሱ ይብስበታል። ሁላችንም ባንድ ላይ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ስንል ግን የእሱ ድምፅ ከማናችንም ይልቅ ይጠራ ነበር። «አያችሁ፣ ሲፈልግ ይችላል!» ብለን ፈረድንበት።

ተሳስተን ነበር። እርግጥ ነው፣ የተሳሳትነው እኛ ብቻ አይደለንም። እስቲ ታሪኩን እንየው።

እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ፈረንሳዊው ሐኪም ኮሎምባ የሚንተባተቡ ሰዎችን በምት እያስከተለ ያናግር ነበር። መንገዱ መልካም ነበር። በ1841 ግን ስመ ጥሩው የበርሊን ቀዶ ሐኪም ዲፈንባህ ጥፋቱን ምላስ ላይ ጣለና የሰው ምላስ ሥሩ ላይ ይቆርጥ ጀመር፤ ያውም የኤተር ማደንዘዣ ገና ሳይለመድ! በ1939 ደግሞ የአሜሪካው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ 22 ወላጅ አልባ ልጆችን ለሙከራ ወሰደ። ደህና ይናገሩ ከነበሩት መካከል ለተወሰኑት «መንተባተብ ጀምራችኋል» ተባሉ። ልጆቹ መናገር እየፈሩ ዝም ማለት አበዙ። ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ የጠየቀው በ2001 ነው፤ በ2007 የአዮዋ ግዛት ለተጎጂዎችና ለወራሾቻቸው 925 ሺህ ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ዛሬ የምናውቀው ሌላ ነው። ለመናገር ትንፋሽ፣ ከንፈርና ምላስ በሰዓቱ መገናኘት አለባቸው። ያንን ሰዓት የሚጠብቀው አንጎል ነው። በሚንተባተብ ልጅ ላይ የሚዛባው ይኸው ጊዜ አጠባበቅ እንደሆነ ብዙ ጥናቶች ያመለክታሉ፤ የዘር ውርስም ድርሻ አለው። ከ100 ልጆች 5 ያህሉ ይንተባተባሉ፤ አብዛኞቹ እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል። መዝሙር፣ የእጅ ጭብጨባ፣ የጋራ ንባብ ምቱን ከውጭ ያበድራሉ። የጓደኛችን ድምፅ የጠራውም ለዚህ ነበር። ሰነፍ አልነበረም፤ እኛ ምቱን አበድረነው ነበር።

እንግዲህ ወዳጆች፣ ቤታችሁ የሚንተባተብ ታናሽ ካለ ቃሉን አትጨርሱለት፤ «ቶሎ በል»ም፣ «ቀስ በል»ም አትበሉት። ዓይኑን እያያችሁ ጠብቁት። ካልተወው ባለሙያ ይየው።

አዮዋ ይቅርታ ለመጠየቅ 62 ዓመት ፈጅቶባታል። እኛ ጓደኛችንን እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅነውም። እንዲህ ብለን ጀመርን።