ልጅ ካሳና የመሳፍንቱ ሚዛን

በዘመነ መሳፍንት፣ ጎንደር ላይ ሹመት በሚሰጥበትና ሠራዊት በሚከተትበት ጊዜ፣ ጌታው በፊቱ የቆመውን ሰው የሚመዝነው በትውልድ ሐረጉና በጦር ሜዳ ባስመሰከረው ሥራ ነበረ፤ ስለዚህም ስሙ ገና ያልተሰማ ወጣት፣ ልቡናው የቱን ያህል ብሩህ ክንዱም የቱን ያህል ብርቱ ቢሆን፣ በግብር አዳራሽ ከአንጋፎቹ በታች መቀመጥ ግዴታው ነበረ። ይህን ሥርዓት ከንቱ ነው አልልም፤ የሰው ልብ በፉከራ ሳይሆን በመከራ ቀን ይታወቃልና። ነገር ግን ሚዛን እውነተኛ የሚባለው፣ ወጣቱ ሥራ በሠራ ጊዜ ሥራው እንደ አንጋፋው ሥራ ሲቈጠርለት ነው፤ መሳፍንቱም የሳቱት በዚሁ ላይ ነው።

በ1811 ዓ.ም. የተወለደው ካሳ ኃይሉ በአባቱ የቋራ መኳንንት ወገን ሲሆን፣ ባላጋራዎቹ ግን በችግር ዘመን ኮሶ ሸጣለች የሚሏትን እናቱን እየጠሩ ያዋርዱት ነበረ። በልጅነቱ ፊደል የቈጠረበት የቸንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም በጦረኞች በተመታ ጊዜ ከሞት አምልጦ፣ ካደገም በኋላ በቋራ ቆላ ሸፍቶ፣ ሰው ማዘዝን፣ ረኃብን መታገሥንና ምርኮን ለተከተለው ማካፈልን የተማረው በዚያ በረሃ ነው። በዚያን ዘመን ሥልጣኑን በእጃቸው የያዙት እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ አሊ ይህን ሽፍታ በጋብቻ ለማለዘብ አስበው የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት፤ ጋብቻው ግን ንቀቱን አላስቀረም። እቴጌይቱ የላኩት ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጭዋን ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ሲወጣ ተማርኮ፣ ካሳም ኮሶ እንዳጠጣው ይተረካል።

በ1839 ዓ.ም. ካሳ ጎንደርን ያዘ፤ በዚያው ዓመት እቴጌ መነንን ራሳቸውን በጦርነት ማረከ፤ ልጃቸው ራስ አሊም እናታቸውን ለማስለቀቅ ግዛት ሊለቁለት ተገደዱ። እንግዲህ ከዚህ ቀን ጀምሮ ካሳ በተስፋ ብቻ የሚመዘን ወጣት አልነበረም፤ ሥራው በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ሆኖ ነበረ። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ በደባርኪ በግብፆች ሠራዊት ድል በሆነ ጊዜ ግን፣ የቀድሞ ድሎቹን ሁሉ የአጋጣሚ ነገር ያደረጉ ሰዎች እፎይ አሉ። እርሱ በበኩሉ ሥርዓት ያለው ወታደርና መድፍ ምን እንደሚሠሩ በገዛ ቍስሉ ተምሮ ተመለሰ። ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ የዚህን ሰው ተሰጥዎ ከድሎቹ ሁሉ ይልቅ የምትገልጠው ይህች ሽንፈት ናት፤ ብዙ ዘመን የተዋጉት መሳፍንት ከሽንፈታቸው ይህን ያህል ሲማሩ አላየንምና።

ደጃዝማች ውቤን እንመልከት። ከስሜን ተነሥተው ትግሬን የገዙ፣ ጳጳስ ከእስክንድርያ ያስመጡ፣ በዝና ማንም የማይስተካከላቸው አንጋፋ ነበሩ፤ ሆኖም በ1834 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ከራስ አሊ ጋር ያደረጉትን ጦርነት ካሸነፉ በኋላ፣ በድሉ ደስታ ተዘናግተው ሳለ በድንኳናቸው ውስጥ ተያዙ። የቀድሞ ሥራ ክብር ነው፤ ለነገው ቀን ግን ዋስ አይሆንም።

ራስ አሊ ከካሳ ጋር በተጣሉ ጊዜ የታመኑት በአንጋፎቹ ስም ነው። የካሳን ግዛት ለጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ሰጡ፤ ጎሹም ስመ ጥር ጦረኛ ሲሆኑ በኅዳር ወር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ወደቁ። በሚያዝያ በታኩሳ የራስ አሊ ሌሎች መኳንንት፣ በሰኔ ደግሞ በአይሻል ራሳቸው ራስ አሊ ከፈረሰኞቻቸው ጋር ተሸነፉ። በአንድ ዓመት ውስጥ የብዙ ትውልድ ስም ተገለበጠ።

የቀሩት፣ ከደብረ ታቦሩ ምርኮ የተለቀቁት ውቤ ነበሩ። በስሜን ደጋ፣ በደረስጌ፣ ለማርያም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው፣ በዚያም ሊነግሡ ያስቡ ነበር ይባላል። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. በዚያው በደረስጌ ድል ሆነው ተማረኩ፤ ከሁለት ቀን በኋላም፣ እርሳቸው ባስመጧቸው በአቡነ ሰላማ እጅ፣ እርሳቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ካሳ ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ።